እናቴ ቡናዋን ማቀዝቀዝ ስትጀምር

እናቴ ቡና የምትወደው እሳት ሲመስል ነው። ከጀበናው ሲቀዳ እንፋሎቱ ካልታየ «ይኼ ምኑን ቡና ሆነ?» ትላለች። እኛ ልጆቿ ገና እፍ እፍ ስንል እሷ አቦሏን ጨርሳ ሲኒዋን ትመልሳለች። ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ያስተዋልኩት እኔ ብሆን ደስ ባለኝ ነበር፤ ያስተዋለችው ግን የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ናት። «እማዬ፣ አያቴ ቡናዋ እስኪበርድ ትጠብቃለች። ደግሞ በዚህ በኩል ብቻ ነው የምታኝከው» ብላ ቀኝ ጉንጯን በጣቷ ነካች።

ከዚያ ወዲያ እኔም ማየት ጀመርኩ። እናቴ ጉርሻዋን ወደ አንድ በኩል ትገፋለች። ቆሎ ሲዞር «ጠግቤያለሁ» ትላለች፤ እናቴ በቆሎ ጠግባ አታውቅም። «ምነው፣ ጥርስሽ ነው?» ስላት መልሷ አጭር ነው፦ «ደህና ነኝ፤ ምን ሆንኩ?»

አልጋዋን ሳነጥፍ ትራሷ ሥር በላስቲክ የተቋጠረ ነገር አገኘሁ። ግማሹ ያለቀ የፓራሲታሞል ማሸጊያ፣ ጥቂት የአሞክሳሲሊን እንክብሎችና አንድ ጭብጥ ቅርንፉድ። ደህና የሆነ ሰው ትራሱ ሥር ፋርማሲ አይከፍትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ እናቴ በግራ በኩል ባለው የታች መንጋጋዋ ላይ ክራውን አሠርታ ነበር። ጥርሱ ለዓመታት ሙሌት የነበረበት ሲሆን፣ በአንድ የሰንበቴ ቀን የሽንብራ ቆሎ ስትቆረጥም ጎኑ ተሰብሮ ወደቀ። ሐኪሙ «መነቀል የለበትም፤ ክራውን እናድርግለት» አላት። ገንዘቡ ቀላል አልነበረም። እኛን ሳትጠይቅ ከእቁቧ ከፈለች። ሐኪሙን የመረጠችውም በራሷ መንገድ ነው፦ የእድር ጓደኛዋ የእህት ልጅ ነው፤ ጓደኛዋ «እጁ ጥሩ ነው» አለቻት፤ አለቀ።

በኋላ ላይ ተቀምጠን ስናወራ ዝም ያለችበትን ምክንያት ነገረችኝ። አንደኛው ገንዘቡ ነው፤ «ያን ያህል ከፍዬ ‹አመመኝ› ብል ‹ማን አስቸኮለሽ› ትሉኛላችሁ» አለች። ሁለተኛው ጓደኛዋ ናት፤ ስለ እህቷ ልጅ የተነገረ ክፉ ነገር እድር ቤት ሳይደርስ አያድርም። ሦስተኛው ሐኪሙ ራሱ ነው። «እንዲያ አክብሮ፣ እማማ እያለ የሠራልኝን ልጅ እንዴት ብዬ ‹አበላሸኸው› ልበለው?» አለች። በአንድ ቃል፣ ይሉኝታ ነው።

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ እናቶችና አባቶች፣ አያቶችም፣ ይህን ስሜት የማታውቁት አይመስለኝም። ለባለ ሱቅ «ይኼ ሚዛን ጎደለ» ለማለት የማናፍር ሰዎች ነጭ ጋዋን ፊት ስንቆም አንደበታችን ይያዛል። አባባላችን ግን ሁለቱንም አስቀድሞ ነግሮናል፦ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል»፤ ደግሞም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም»።

ለመሆኑ ክራውን የተደረገለት ጥርስ ለምን ያማል? እኔ በዚያ ሰሞን የሰማሁትንና የጠየቅኩትን በተቻለኝ መጠን ላስረዳ።

ክራውን በተጎዳ ጥርስ ላይ እንደ ቆብ የሚደፋ ሽፋን ነው። ከብረት፣ ከብረትና ከፖርሴሊን፣ ወይም ዚርኮኒያ ከሚባለው ጠንካራ ነጭ ነገር ይሠራል። ቆቡ ቦታ እንዲያገኝ ጥርሱ ዙሪያውን ይሞረዳል፤ በአንዳንድ ቦታ አንድ ሚሊ ሜትር፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ድረስ። የጥርሱ እምብርት ውስጥ ደግሞ ነርቭና የደም ሥር አለ። ነርቩ በሕይወት ያለ ጥርስ ሲሞረድ መደንገጡ አይቀርም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ብልጭ ብሎ ወዲያው የሚጠፋ ስሜት ቢኖር የተለመደ ነው። ቀን በቀን እየቀነሰ ከሄደ ደግ ምልክት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከፍታ ነው። ክራውኑ ከአጎራባቾቹ በጥቂቱ ከፍ ካለ፣ አፍ ሲገጠም የመንጋጋው ኃይል ሁሉ በመጀመሪያ እሱ ላይ ያርፋል። ልዩነቱ ለዓይን አይታይም። ግን ወጥ ውስጥ የገባች አንዲት ፀጉር በጥርሳችን መካከል ስትገባ እንደምናውቃት አስቡ፤ ጥርስ ያን ያህል ይሰማዋል። ክራውኑ የተገጠመው በማደንዘዣ ከሆነ ደግሞ «ግጠሚ፣ ተስማማሽ?» ሲባል የሚሰጠው መልስ ብዙም አያስተማምንም፤ የደነዘዘ አፍ ምኑን ያውቃል? መፍትሔው ቀላል ነው። ሐኪሙ ባለ ቀለም ወረቀት ያስነክስና ምልክቱ የበረታበትን ቦታ በትንሹ ይሞርዳል። የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሳይስተካከል ሲቆይ ግን ጥርሱን የያዙት ጅማቶች ይቆጣሉ፤ ማኘክም ሥቃይ ይሆናል።

ሦስተኛው የነርቩ መታመም ነው። ጥርሱ አስቀድሞ በጥልቀት የበሰበሰ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ፣ ነርቩ ከክራውኑ በኋላ ቀስ በቀስ ሊሞት ይችላል። ምልክቱ ከመጀመሪያው ይለያል። ትኩስ ነገር ሲነካው ይነሳና ለደቂቃዎች አይለቅም፤ ማንም ሳይነካው በራሱ ይጠዘጥዛል፤ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። እንዲህ ያለው ሕመም «ይለመዳል» የሚባል አይደለም።

ሌሎችም አሉ። የክራውኑ ማጣበቂያ ከድድ ሥር ተርፎ ድዱን ሊያቆስል ይችላል። ጥርሱ ቀደም ሲል የነርቭ ሕክምና የተደረገለት ከሆነ ደግሞ፣ ሳይጸዳ የቀረ የሥር ቦይ ሊኖር ይችላል፤ የታች መንጋጋ ብዙ ጊዜ ሁለት ሥርና ሦስት ቦይ አለው፤ የላይኛው መንጋጋ ደግሞ ሦስት ሥር ኖሮት አራተኛ ቀጭን ቦይ የሚደበቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ነክሶ ሲለቁ ስለት እንደ ገባ የሚወጋ ከሆነ ስንጥቅ ይጠረጠራል።

ወደ እናቴ ልመለስ። ላስቲኩን ባገኘሁ ማግስት፣ እሷ እያንገራገረች፣ ወደ ሐኪሙ ይዣት ሄድኩ። ወጣት ነው፤ ትሑትም ነው። እንግዳ መቀበያው ጋ ቆሞ አነጋገረን። «እማማ፣ አዲስ ነገር ስለሆነ ነው፤ ይለመዳል» አላትና የአምስት ቀን አንቲባዮቲክና ማስታገሻ ጻፈልን። ወንበሩ ላይ አላስቀመጣትም። አፏንም አላየም። እናቴ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብላ ወጣች። እኔ ግን ደረጃውን ስወርድ ደሜ ፈልቶ ነበር። «ይኼ ሰውዬ አታሎሻል፤ ገንዘብሽን በልቶ ነው» አልኳት። እሷም «ዝም በይ፤ ሰው ይሰማል» አለችኝ።

አምስቱ ቀን አለፈ። ሕመሙ ሌሊት ሌሊት ይብስ ጀመር። አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳሎን ውስጥ ጉንጯን በነጠላ አስራ ተቀምጣ አገኘኋት። ያን ጊዜ «ደህና ነኝ» አላለችም።

ሁለተኛ ሐኪም ጋ ስንሄድ ጓደኛ አልጠየቅንም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ አየሁ፤ «ማነው የሚያያት? የጥርስ ሐኪም ነው ወይስ ዴንታል ቴራፒስት?» ብዬም ጠየቅኩ። ሁለቱም በየድርሻቸው የሚሠሩት ሥራ አለ፤ ማን ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ግን ነውር አይደለም። ያየቻት ዶክተር መካከለኛ ዕድሜ ያላት ሴት ናት። መጀመሪያ መሣሪያ አላነሳችም፤ ጥያቄ ነው ያነሳችው። «እማማ፣ ሲነክሱ ነው ወይስ ሲለቁ የሚያምዎት? ቀዝቃዛ ይብሳል ወይስ ትኩስ? ከጀመረ ስንት ደቂቃ ይቆያል? ሌሊት ይቀሰቅስዎታል? የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አለዎት?» እናቴ ለሦስት ሳምንት የደበቀችንን ሁሉ ለዚህች እንግዳ ሴት ዘርዝራ ነገረቻት። ለካ የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ነው።

ከዚያ ጥርሶቿን አንድ በአንድ በመስታወቱ እጀታ መታ መታ አደረገቻቸው። ቀዝቃዛ ነገር አስነካች። ባለ ቀለሙን ወረቀት አስነከሰች፤ ክራውኑ በእርግጥም ከፍ ብሎ ነበር፤ ያንን በጥቂት ደቂቃ ሞረደችው። እናቴ ነክሳ አየችና «አሁን ቀለለኝ» አለች። ግን ትኩስ ነገር ጥርሱ ላይ ሲነካ የወንበሩን ክንድ ጨብጣ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችም። ራጅ ተነሳች። ዶክተሯ ራጁን እያሳየችን፣ ክራውኑ ብረት ስላለበት ከሥሩ ያለው እንደማይታይ፣ በሥሩ ጫፍ ላይ ግን ገና የጎላ ነገር እንደሌለ አስረዳችን። «ራጅ ላይ አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ አጥንቱ በደንብ እስኪጎዳ ድረስ ላይታይ ይችላል። የእርስዎ ምልክት ግን ነርቩ መታመሙን ይናገራል» አለቻት።

መፍትሔው የነርቭ ሕክምና ነው፤ በክሊኒክ ቋንቋ ሩት ካናል የሚሉት። ክራውኑን ማውለቅ ግድ አይደለም፤ አናቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ ሥሩ ይጸዳል፤ ከዚያ ቀዳዳው ይሞላል። ሌላው አማራጭ መንቀል ነው። ዶክተሯ ሁለቱንም ከነዋጋቸው ነገረችንና «ዛሬ መወሰን የለባችሁም፤ ግን ብዙ አትቆዩ» አለችን።

ያን ጊዜ ስጠብቀው የነበረውን ጥያቄ አነሳሁ። «የመጀመሪያው ሐኪም አበላሽቶት ነው አይደል?» «አዎ» እንድትለኝ ፈልጌ ነበር። ዶክተሯ ግን ትንሽ አሰበችና እንዲህ አለች፦ «ነርቩ በእሱ ሥራ ታመመ ማለት አልችልም። ጥርሱ ድሮም ትልቅ ሙሌት ነበረው፤ ተሰብሯልም። እንዲህ ያለ ጥርስ ክራውኑ በጥሩ ሁኔታ ቢሠራም ነርቩ ሊሞት ይችላል፤ በእኔም እጅ ደርሶ ያውቃል። ሁለት ነገር ግን መደረግ ነበረበት። ‹ይህ ሊመጣ ይችላል› ተብሎ ቀድሞ ሊነገራቸው ይገባ ነበር። አመመኝ ብለው ሲመለሱ ደግሞ ሊታዩ ይገባ ነበር።»

በዚያ መልስ ብዙ አሰብኩበት። እኔ በልቤ አንዱን ጥፋት ከሌላው ጋር ቀላቅዬው ነበር። ሕክምና ተደርጎ ሕመም መምጣቱ ብቻውን ሐኪሙ አጭበርባሪ ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። በአንጻሩ ደግሞ ሕመሙ በማንም እጅ ሊደርስ የሚችል መሆኑ፣ ታካሚን ሳያዩ «ይለመዳል» ብሎ ለመሸኘት ምክንያት አይሆንም። ስለ ሐኪማችን ጥርጣሬ ሲያድርብን ራሳችንን ልንጠይቅ የሚገባው «አመመኝ ወይ?» ብቻ አይደለም፤ «ስነግረው ሰማኝ ወይ? አየኝ ወይ? ገለጸልኝ ወይ?» ነው።

ስለዚህ ክራውን ከመሠራቱ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ይዛችሁ ሂዱ። የጥርሱ ራጅ ተነሥቷል? ነርቩ በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል? ነርቩ በኋላ ቢታመም ምን ይደረጋል፣ ወጪውስ የማን ነው? ክራውኑ ከምን ይሠራል? ከሥራው በኋላ ቢያመኝ በስንት ቀን ልመለስ? የመጨረሻው ማጣበቂያ ከመደረጉ በፊት ክራውኑን ለጥቂት ቀን በጊዜያዊ ማጣበቂያ መሞከር ይቻላል? ለሁሉም «አዎ» የሚል መልስ ላታገኙ ትችላላችሁ። ጥያቄው የሚያስቆጣው ሐኪም ካጋጠማችሁ ግን፣ ገንዘባችሁ ገና ኪሳችሁ ውስጥ ሳለ አወቃችሁት ማለት ነው።

ሁለተኛ ሐኪም ማማከር ክህደት አይደለም። ግን ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የራጁን ቅጂ፣ የተሠራውን ሥራ የሚገልጽ ጽሑፍና ደረሰኙን ጠይቁ። አለበለዚያ አዲሱ ሐኪም በጨለማ ይጀምራል፤ እናንተም ለተመሳሳይ ራጅ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ። ሌላው ጥንቃቄ፦ ሁለተኛው ሐኪም ሳይመረምር የመጀመሪያውን ማውገዝ ከጀመረ፣ ወይም ገና ከመቀመጣችሁ «ሁሉም ይፍረስና እንደ አዲስ ይሠራ» ካለ፣ እሱንም መጠራጠር ነው።

ስለ ትራስ ሥር ፋርማሲው ደግሞ ሁለት ቃል። አንቲባዮቲክ የጥርስ ሕመም ማስታገሻ አይደለም። ነርቩ የታመመ ጥርስ በአሞክሳሲሊን አይድንም፤ እብጠት ወይም ትኩሳት ሲኖር ሐኪም ሊያዝ ይችላል፤ ያኔም ቢሆን የጥርሱን ሕክምና አይተካም። ፓራሲታሞል ለአዋቂ የ500 ሚሊ ግራሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እንክብል ማለፍ የለበትም፤ አቅማቸው ለደከመ አረጋውያንና ጉበታቸው ለታመመ ደግሞ ከዚያ ማነስ ስላለበት ሐኪም ይጠየቅ። አይቡፕሮፌን የደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የጨጓራ ሕመም ላለባቸውና ደም የሚያቀጥን ለሚወስዱ አደጋ አለው፤ ሳታማክሩ ለእናትና ለአባታችሁ አትስጡ። ቅርንፉድ ለጊዜው የማደንዘዝ ኃይል አለው፤ ነርቩን ግን አያድንም፤ ዘይቱ ብቻውን ድድ ላይ ሲደረግ ያቃጥላል። ነጭ ሽንኩርት ወይም አስፕሪን ድድ ላይ ማሰርም እንዲሁ ያቆስላል። አረቄ መጉመጥመጡን ደግሞ ለበዓሉ ተዉት።

ለብ ባለ ውሃ የተበጠበጠ ጨው መጉመጥመጥ አይጎዳም። የማይጠበቅለት ነገር ግን አለ፦ ፊት ወይም አንገት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተ፣ ይልቁንም ትንፋሽ ካጠረ፣ ክሊኒክ እስኪከፈት አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ሂዱ። የስኳር ሕመም ላለባቸው ይህ ይበልጥ ይጠብቃል። አንድ ተጨማሪ ነገር ለአያቶች፦ ደረጃ ስትወጡ ወይም ስትደክሙ የሚነሳ፣ ስታርፉ የሚተው የመንጋጋ ሕመም፣ በተለይ ደረት ከማፈን ጋር ከሆነ፣ ከጥርስ ሳይሆን ከልብ ሊሆን ይችላል። እሱም ለነገ አይባልም።

አሁን የቀረው ያ ሐኪም ነው። እኔ ክስ ልጽፍ ብዕር አንስቼ ነበር። እናቴ ግን «መጀመሪያ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ» አለች። ያቺ በይሉኝታ ሦስት ሳምንት የተሠቃየች ሴት! አብሬያት ሄድኩ፤ እንዳልናገር ግን አስምላኛለች። ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና በዝግታ፣ «ልጄ፣ ክራውኑን ስትሠራልኝ አክብረኸኛል። አመመኝ ብዬ ስመጣ ግን አፌን ሳታይ ሸኘኸኝ። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ነው ያነጋሁት። ነርቩ ታሟል አሉኝ። አልቀየምኩህም፤ ግን ሌላ እናት እንዲህ እንዳትመልስ ነው» አለችው።

ልጁ መልስ ለመስጠት ጊዜ ወሰደበት። የዚያን ቀን ብዙ ታካሚ እንደነበረበት ሊያስረዳ ጀመረና መሀል ላይ ተወው። «ማየት ነበረብኝ» አለ። የድሮውን ራጅና የተሠራውን ሥራ የያዘውን ጽሑፍ ሰጠን፤ የነርቭ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ቀዳዳውን ያለ ክፍያ እንደሚሞላና ክራውኑ ቢጎዳ በራሱ ወጪ እንደሚተካ ጻፈልን። የተከፈለውን ገንዘብ ግን አልመለሰም፤ እናቴም አልጠየቀችውም። እኔ ብሆን እጠይቅ ነበር፤ በዚህ እስካሁን አልተስማማንም።

ነገሩ በዚህ ባይቋጭ ኖሮ መንገድ ነበር። ቅሬታ መጀመሪያ ለሐኪሙ፣ ቀጥሎ ለክሊኒኩ ኃላፊ በጽሑፍ ይቀርባል፤ ካልተሰማ የከተማው ወይም የክልሉ የጤና ተቋማት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አለ። ለዚያ ሁሉ ግን ቀን የተጻፈበት ወረቀትና ደረሰኝ ያስፈልጋል። «ዘመድ ነው» ተብሎ ያለ ደረሰኝ የተከፈለ ገንዘብ የትም አይናገርም።

የነርቭ ሕክምናው በሁለት ቀጠሮ አለቀ። ከሁለተኛው በኋላ ለሦስት ቀን ያህል ሲነክሱበት የመክበድ ስሜት ነበረው፤ ይህ እንደሚሆን ግን ቀድሞ ተነግሯት ስለነበር አልፈራችም። የተነገረን ሕመምና ያልተነገረን ሕመም እኩል አያስጨንቁም።

የእድር ጓደኛዋ ወሬውን ስትሰማ አኩርፋ ነበር። ሁለት እሑድ ቤታችን አልመጣችም። በሦስተኛው መጣች፤ እናቴም ምንም እንዳልተፈጠረ ቡና አፈላች። ስለ ጥርስ አንዳቸውም አላነሱም። አቦሉ ሲቀዳ እንፋሎቱ ሲኒው ላይ ይታይ ነበር። ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ አያቷን በዓይኗ ትከታተላለች። እናቴ ሲኒዋን አነሳች፤ አላስቀመጠችውም።

«በግራ በኩል ነው የጠጣችው» አለችኝ ልጄ በሹክሹክታ።

እናንተም ዛሬ ምሳ ላይ የወላጆቻችሁን ጉንጭ እዩ። በየትኛው በኩል እንደሚያኝኩ፣ ምን መብላት እንደተዉ ልብ በሉ። «ደህና ነኝ» ካሉ ደግሞ አንድ ጊዜ ጠይቃችሁ አትተዉ።

ቸር ይግጠመን።